ሥራ ይዞ፣ ልጅ ይዞ ወደ ሜድ ስኩል፦ ቅድመ ኮርሶቹን የት ብንወስድ ይሻላል?

ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ቲትሬሽን የሚባል ሥራ አለ። ከላይ ካለው ቀጭን ቱቦ ቤዝ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አሲድ ወዳለበት ጠርሙስ ትለቃላችሁ። ፈሳሹ ስስ ሮዝ ቀለም ሲይዝ ቱቦውን ትዘጋላችሁ። አንድ ጠብታ ካለፈ ሮዙ ይደምቃል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። እኔ አንድ ማክሰኞ ማታ አራት ጊዜ አሳለፍኩት። ከሌሊት ሼፍት ወጥቼ፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቼ የመጣሁበት ቀን ነበር። አጠገቤ የነበረችው የ19 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ሙከራ ጨርሳ ዕቃዋን ስታጥብ እኔ ገና ጠርሙሴን አለቀልቃለሁ። ኬሚስትሪውን አውቀዋለሁ። ቀመሩንም፣ ስሌቱንም ከእሷ እኩል እሠራለሁ። የጎደለኝ እንቅልፍ ነበር።

ዛሬ ብዙ ሰው እየደወለ ይጠይቀኛል። አገር ቤት በባንክ፣ በአካውንቲንግ፣ በኢንጂነሪንግ ሠርቶ እዚህ አሜሪካ ኡበር የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚሠራ፣ አይቲ ውስጥ ያለ ሰው። ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። "ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ቅድመ ኮርሶቹን የት ልውሰድ? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብወስድ ይንቁብኛል ወይ?" እኔም ከአዲስ አበባ የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ በዲቪ መጥቼ፣ ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ፣ ባዮሎጂ አንድን የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። አሁን ሜድ ስኩል (የሕክምና ትምህርት ቤት) ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። የማውቀው የዋሽንግተንን፣ የቨርጂኒያንና የሜሪላንድን አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያ ናቸው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ቦታው የሚመረጠው ኤ ለማምጣት በሚበቃችሁ ሰዓት ልክ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኮርሶቹና የኬሚስትሪው ሰንሰለት

ሜድ ስኩሎች ከመግባታችሁ በፊት እንድትወስዱ የሚጠይቁት የኮርስ ዝርዝር ይለያያል። አብዛኞቹ ግን ባዮሎጂ፣ ጄነራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሴሚስተር፣ ከነላባቸው ይፈልጋሉ። ባዮኬሚስትሪ አንድ ሴሚስተር ይጨመራል። እንግሊዝኛና ስታቲስቲክስ አለ። ኤምካት የሚባለው የሜድ ስኩል መግቢያ ፈተና ከ2015 ወዲህ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ስላለበት እነሱንም መውሰድ ይረዳል። ሳይንሶቹና ስታቲስቲክሱ ብቻ ሲደመሩ ወደ 40 ክሬዲት ይሆናሉ።

ስንት ዓመት ይፈጃል የሚለውን ለማወቅ ኬሚስትሪውን ብቻ ቁጠሩ። ጄነራል አንድ፣ ጄነራል ሁለት፣ ኦርጋኒክ አንድ፣ ኦርጋኒክ ሁለት፣ ባዮኬሚስትሪ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። በፎልና በስፕሪንግ ብቻ ከሄዳችሁ ሁለት ዓመት ተኩል ነው። ባዮሎጂና ፊዚክስ በዚያው ውስጥ ጎን ለጎን ይገባሉ። አንዳንድ ሜድ ስኩሎች የኦርጋኒክን አንድ ሴሚስተርና ባዮኬሚስትሪን ብቻ ስለሚቀበሉ፣ የምታስቧቸውን ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ አስቀድማችሁ እዩ።

ኦርጋኒክን በሰመር ጨርሶ መገላገል የሚያጓጓቸው ብዙ ናቸው። ሰመር ላይ የአንድ ሴሚስተሩ ትምህርት በአምስት ስድስት ሳምንት ይጠቀለላል፤ ፈተና በየሳምንቱ ይመጣል። ሥራ እረፍት ወስዳችሁ ከሆነ ይሁን። ሙሉ ሰዓት እየሠራችሁ ከሆነ ግን እባካችሁ አትሞክሩት።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። የሐበሻ ልጅ "ጤና ነው የምማረው" ሲል ነርሲንግ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እኔንም አንድ ኮሌጅ ውስጥ አድቫይዘሩ ለነርሲንግና ለሌሎች የጤና ዘርፎች የሚሰጠውን የመግቢያ ኬሚስትሪ አስመዘገበኝ። ኤ አመጣሁ፤ ለቤተሰቤም በደስታ ተናገርኩ። ቀጥሎ ስጠይቅ ኮርሱ ለሜድ ስኩል አይቆጠርም። አንድ ሴሚስተርና የወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ሄደ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይህን ኮርስ የኬሚስትሪ ወይም የባዮሎጂ ሜጀር ተማሪዎች ይወስዱታል?" መልሱ አዎ ካልሆነ ሌላ ፈልጉ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂም እንዲሁ ጥሩ ኮርስ ነው፤ የጄነራል ባዮሎጂን ቦታ ግን አይተካም።

ዲግሪያችሁ የየት አገር ነው?

ከቦታ ምርጫ በፊት ይህ መመለስ አለበት። መንገዱን ለሁለት የሚከፍለው እሱ ነው።

ዲግሪያችሁ የአሜሪካ ከሆነ ቀላል ነው፤ የጎደሏችሁን ኮርሶች ብቻ ትወስዳላችሁ። ከአገር ቤት ከሆነ ነገሩ ሰፋ ይላል። አምካስ የሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተወሰደ ኮርስን ጂፒኤ ውስጥ አያስገባም። ብዙ ሜድ ስኩሎችም ቅድመ ኮርሶቹ እዚህ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። እንዲያውም የባችለር ዲግሪው ራሱ ወይም 90 ክሬዲት ያህል ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ መሆን አለበት የሚሉ አሉ። እንግዲህ ከአገር ቤት ዲግሪ ጋር 40 ክሬዲት ብቻ ይዛችሁ ብታመለክቱ ብዙ በር ይዘጋባችኋል። እኔ በዚህ ምክንያት ነው ከስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ባችለር የያዝኩት። ዩኒቨርሲቲዎች የቀድሞውን ዲግሪ አስገምግመው አጠቃላይ ኮርሶችን ስለሚቀንሱ አራት ዓመት ሙሉ አይፈጅም።

ነገሩ በጎ ጎንም አለው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ ያመጣችሁት ሲ እዚህ ጂፒኤ ውስጥ የለም። ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አሜሪካ ተምሮ በ20 ዓመቱ ኤፍ ያመጣ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ኮርሱን ቢደግመው እንኳ አምካስ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። ብዙ ሜድ ስኩሎች የሚቀበሉት ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ነው። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ እየጠበቃችሁ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የየትምህርት ቤቱን ደንብ አንብቡ። አገር ቤት ሕክምና ጨርሳችሁ የመጣችሁ ሐኪሞች ደግሞ መንገዳችሁ ሌላ ነው። የእናንተ ፈተና ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለው የሐኪም ፈቃድ ፈተና ነው፤ ባዮሎጂ አንድ ላይ አትመዝገቡ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። በእኛ አካባቢ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አለ፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅ አለ። ሁለቱም ሐበሻ የበዛባቸው ናቸው። በኮሪደሩ ስታልፉ አማርኛ ትሰማላችሁ።

ጥቅሙ ዋጋው ብቻ አይደለም። ማታና ቅዳሜ ክፍል አለ። ላቡ ውስጥ ያሉት 20 ምናምን ተማሪዎች ናቸው። አስተማሪው ስማችሁን ያውቃል። የሜድ ስኩል ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ከሁለት የሳይንስ አስተማሪዎች ደብዳቤ ይጠይቃል። 300 ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ስማችሁን የማያውቅ ፕሮፌሰር ምን ብሎ ይጽፋል? የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አስተማሪዬ ግን በቢሮ ሰዓቷ ስንት ማክሰኞ እንደመጣሁ ጭምር ጽፋልኛለች።

ንቀቱን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። አንዳንድ ሜድ ስኩሎች ቅድመ ኮርሶቹ ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑ እንመርጣለን ይላሉ። ብዙዎቹ ግን ይቀበላሉ። ጥርጣሬያቸው "እዚያ ኤ ያመጣው ክፍሉ ቀላል ስለሆነ ይሆን?" የሚል ነው። ማስተባበያው ሁለት ነው፤ ከፍ ያሉ የሳይንስ ኮርሶችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤ ማምጣትና ጥሩ ኤምካት። ሁሉንም ነገር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሶ እዚያው ማቆም ነው የሚጎዳው።

ከትምህርት ቤት ርቃችሁ አሥር ዓመት ለሆናችሁ ሰዎች ደግሞ ይህ ቦታ ሌላም ነገር ይሰጣል። ላብ ሪፖርት መጻፍ፣ በእንግሊዝኛ ሌክቸር መከታተል፣ ማልቲፕል ቾይስ በፍጥነት መሥራት፤ ይህን ሁሉ እንደገና መልመድ ይኖርባችኋል። በክሬዲት 200 ዶላር ገደማ እየተከፈለ ቢለመድ ይሻላል። በሺህ ዶላር እየተከፈለ መለማመድ ያስጨንቃል።

የስቴት ዩኒቨርሲቲ

ጆርጅ ሜሰን፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክና የመሳሰሉት። እዚህ በሁለት መልክ መግባት ይቻላል። አንዱ ዲግሪ ሳትጠይቁ የምትፈልጉትን ኮርስ ብቻ መውሰድ ነው። ሌላው ሁለተኛ ባችለር ነው። የመጀመሪያው ነፃነት ይሰጣል፤ ግን ለዲግሪ የሚማሩት ተማሪዎች ቀድመው ስለሚመዘገቡ የኦርጋኒክ ላብ ሞልቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንድ ላብ ስትነፈጉ ሰንሰለቱ በሙሉ በአንድ ሴሚስተር ይገፋል። ሁለተኛ ባችለር የተመዘገበ ሰው በዚህ በኩል ይሻለዋል።

የሰዓቱ ነገር ነው ከባዱ። ብዙው ላብ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ተጀምሮ አሥር ሰዓት የሚያልቅ ላብ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሥራችሁ የማታ ወይም የሌሊት ከሆነ ይመቻል ብላችሁ ታስባላችሁ፤ እኔም አስቤ ነበር። መግቢያው ላይ የነገርኳችሁን ጠርሙስ አስታውሱ።

እዚህ ጋ ብዙ ወገኖቻችን ያላወቁት አንድ መንገድ አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ ሰዓት ለሚሠሩላቸው ሠራተኞች በሴሚስተር የተወሰኑ ክሬዲቶችን ያለክፍያ ወይም በቅናሽ ያስተምራሉ። ሥራው የቢሮ መሆን የለበትም፤ በጥበቃ፣ በካፊቴሪያ፣ በጥገና ክፍል ያለም ሊያገኘው ይችላል። ፓርኪንግ ከምትሠሩ የዩኒቨርሲቲው ፓርኪንግ ሥሩ። ሆስፒታሎችም ለትምህርት ገንዘብ ይሰጣሉ። አሠሪ ለትምህርት የሚከፍለው እስከ 5,250 ዶላር ድረስ በዓመት ታክስ የለበትም፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ እዚያው ቁጥር ላይ የሚያቆሙት። ኤችአር ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

መደበኛ ፖስት ባክ

ባችለር ይዘው ሙያ ለሚቀይሩ ሰዎች ቅድመ ኮርሶቹን ለማስጨረስ ተብለው የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ናቸው። ፊላዴልፊያ አጠገብ ብሪን ማር፣ ባልቲሞር አጠገብ ጋውቸር፣ ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ኒው ዮርክ ላይ ኮሎምቢያ ይታወቃሉ። ጋውቸርና ብሪን ማር ኮርሶቹን ከሰመር እስከ ሰመር በአንድ ዓመት ያስጨርሳሉ። አድቫይዘሩ ሥራው ይሄው ብቻ ነው። ደብዳቤ፣ የቃለ መጠይቅ ልምምድ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶላችኋል። ሊንኬጅ የሚባልም አላቸው። ከተወሰኑ ሜድ ስኩሎች ጋር ተስማምተው፣ መስፈርቱን ላሟላ ተማሪ በማመልከቻው ምክንያት የሚባክነውን አንድ ዓመት ያስቀሩለታል። ለ38 ዓመት ሰው አንድ ዓመት ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ነው። ከዋጋው በላይ ግን ሥራ ማቆም አለ። ያን ዓመት ኪራዩን ማን ይከፍላል? አገር ቤት የሚላከውስ? ባለቤታችሁ ደህና ገቢ ካላት ወይም ካለው፣ ቁጠባ ካላችሁ፣ የአሜሪካ ዲግሪያችሁ ጂፒኤ ጥሩ ከሆነና ሳይንስ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ያለምንም ማቅማማት እላለሁ። ከእነዚህ ሁለቱ ከጎደለ ግን ስሙ አያጓጓችሁ። ከአገር ቤት ዲግሪ ጋር የምታመለክቱ ከሆነም ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ ስፔሻል ማስተርስ ይሉታል፤ ጆርጅታውን ያለው በእኛ ሰፈር የታወቀ ነው። እሱ ቅድመ ኮርሶቹን ጨርሶ ጂፒኤው ዝቅ ላለበት ሰው ነው። ገና ለሚጀምር ሰው አይደለም።

ኦንላይን

ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂና ስታቲስቲክስ በኦንላይን ውሰዱ፤ ችግር የለውም። ልጅ ሲተኛ ማታ ይሠራሉ። የሳይንስ ላብን በኦንላይን መውሰድ ግን አልመክርም። ከኮቪድ በኋላ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የማይቀበሉም አሉ። 40 ክሬዲት ለፍታችሁ በአንድ ላብ ምክንያት ዝርዝራችሁ ሲያጥር ያሳዝናል።

ገንዘቡን ደግሞ እንቁጠር

40 ክሬዲት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋጋ 8,000 ዶላር ገደማ ነው፤ መጽሐፍ ሳይጨምር። በስቴት ዩኒቨርሲቲ የነዋሪ ዋጋ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። የነዋሪነት ዋጋ ለማግኘት ደግሞ በስቴቱ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። አዲስ የመጣችሁ ከሆነ ወይም ከስቴት ስቴት የምትዘዋወሩ ከሆነ ይህን ዓመት አታቋርጡት።

ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ የሚሰጠው ባችለር ለሌለው ሰው ነው። የአገር ቤት ዲግሪም እንደ ባችለር ሊቆጠር ስለሚችል በእሱ ተማምናችሁ አትመዝገቡ። ለቅድመ ኮርስ የፌዴራል ብድር ይገኛል፤ ግን ለተከታታይ 12 ወር ብቻ ነው፤ ቢያንስ የግማሽ ጊዜ (ሃፍ ታይም) ተማሪ መሆንም ያስፈልጋል። አንድ ኮርስ እየወሰዳችሁ ያን ዓመት አታቃጥሉት። ሦስት ከባድ ኮርሶች ለምትወስዱበት ዓመት አቆዩት።

ቁጠባው ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ለሜድ ስኩል ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት 50,000 በጠቅላላ 200,000 ዶላር ነው። ቀሪውን ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው የግል ባንክ ብድር ነው፤ ባንክ ደግሞ ክሬዲት ያያል። ስለዚህ በቅድመ ኮርሱ ላይ የቆጠባችሁት እያንዳንዱ ሺህ ዶላር በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

እኔን ለጠየቀኝ ሰው የምለው

ሥራ ማቆም የማይችል፣ ልጅ ያለው ሰው፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይጀምር። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ፤ ጄነራል ኬሚስትሪ አንድ። ኤ ከመጣ በሁለተኛው ሁለት። ጄነራል ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን እዚያ ይጨርስና ኦርጋኒክን፣ ባዮኬሚስትሪንና አንድ ሁለት ከፍ ያሉ ኮርሶችን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይውሰድ። እኔ የሄድኩበት ይሄ ነው፤ ሥራ ይዤ፣ ሁለተኛውን ባችለር ጨምሮ ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ሰው "ገና አልጨረስክም?" ይላል። በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ ቤት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይህን ሰምቻለሁ። "ነርሲንግ አይሻልህም ነበር?" የሚለውንም። ነርሲንግ ትልቅ ሙያ ነው፤ እህቴ ነርስ ናት። የምፈልገው ግን ሌላ ነበር።

ፍጥነት ለምን አያዋጣም? በዓመት ከ50,000 በላይ ሰው ያመለክታል፤ የሚገባው 23,000 ገደማ ነው። የገቡት ሰዎች አማካይ ጂፒኤ 3.8 አካባቢ፣ ኤምካታቸው (ከፍተኛው 528 ነው) ወደ 512 ይጠጋል። በሁለት ዓመት በቢ ከመጨረስ በአራት ዓመት በኤ መጨረስ ይሻላል።

በየኮርሱ ምን ያህል ሰዓት እንደሚያስፈልግ በእኔ ልክ ልንገራችሁ። ላብ ያለው አንድ የሳይንስ ኮርስ ክፍሉን ጨምሮ በሳምንት ከ12 እስከ 15 ሰዓት ወስዶብኛል። ሁለት ሲሆኑ ወደ 30 ይጠጋል። ፓርኪንግ ቤቱ ውስጥ ከካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ የካርድ ቁልል ነበረኝ። መኪና ሳይመጣ አንድ ካርድ፣ መኪና ሲመጣ ትኬት። ቤት ደግሞ የሞለኪውል መገጣጠሚያው ጠረጴዛው ላይ ነው የሚውለው። ልጄ ቀለም የተማረችው በእሱ ነው። ጥቁሩን ኳስ "ካርቦን"፣ ቀዩን "ኦክስጅን" እያለች ነበር የምታቀብለኝ።

ኤምካትን ኮርሶቹ ሳይቀዘቅዙ፣ ከባዮኬሚስትሪ በኋላ ቶሎ ተፈተኑ። በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ አይቻልም። "እስቲ ልሞክረው" ብሎ መፈተን የለም፤ ውጤቱ ይታያል። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ፈተናውን ለሚያዘጋጀው ለኤኤኤምሲ የክፍያ ድጋፍ አመልክቱ፤ የፈተናውን ዋጋ ይቀንሳል፣ የማመልከቻውንም ይሸፍናል። ከተፈተናችሁ ወይም ካመለከታችሁ በኋላ የከፈላችሁትን አይመልስም።

ከኮርሶቹ ጎን የሕክምና ልምድ ይፈለጋል። እዚህ ላይ አማርኛችሁ ሀብት ነው። የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዳችሁ የሕክምና አስተርጓሚ መሆን ትችላላችሁ። እኔ ሥራዬን ወደዚያ የቀየርኩት ኦርጋኒክ አንድ ላይ ሆኜ ነው። አንዲት እናት ሐኪሙ ፊት "ልቤን ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል" ስትል ያንን ምን ብሎ ማስረዳት እንደሚቻል ማሰብ፣ ከየትኛውም ኮርስ የማይገኝ ትምህርት ነበር። ቀጠሮ ነው እንጂ ሼፍት አይደለም፤ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ቀረልኝ።

ለመጪው ሴሚስተር የምትመዘገቡ ካላችሁ፣ የላቡን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። አጠገቡ የሥራ ሼፍታችሁን ጻፉ። ከላቡ በፊት ያለው ሌሊት ሥራ ካለበት ሌላ ሴክሽን ፈልጉ፤ ከሌለ አለቃችሁን ያንን አንድ ሌሊት ለምኑ። እሱም እምቢ ካለ ያለ ደብልዩ (ማቋረጣችሁ ውጤት ወረቀት ላይ ሳይጻፍ) ድሮፕ የሚደረግበትን የመጨረሻ ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።